ጥቁሩ ወንበር

ለሁሉም አየር የሚባለው አየር መንገድ ጥሩ ነው፣ የለም መጥፎ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ሳይ ይገርመኛል። ሁለቱም ነው። ጥሩነቱን አልክድም። ድሮ ደሴ ለመግባት ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ጣርማ በር ላይ በብርድ ተንቀጥቅጦ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ በሙቀት ተቀቅሎ፣ ሲመሽ እግሩ አብጦ ይወርድ የነበረው ሕዝብ ዛሬ ቁርሱን ሳይበላ ኮምቦልቻ ነው።

ቁርሱን የማይበላው ግን ፍጥነቱ አጣድፎት ብቻ አይደለም። ሚዛኑን ፈርቶ ነው። በር ላይ ሰውና ሻንጣ አንድ ላይ ይመዘናል፤ ሻንጣው የከበደበት ሰው ገላውን ያቀላል። በዚህ ሰበብ የበረራ ጾም የሚባል ነገር መጥቷል። ቄስም ሼህም አላወጀውም፣ ሁሉም ግን ይጾመዋል። ሴቶቹ ከመብረራቸው በፊት ሹሩባቸውን ይፈታሉ፣ ወንዶቹ ይላጫሉ። ጫማ እዚህ ይጣልና እዚያ ሲደረስ ከክምሩ በልክ ተመርጦ ይደረጋል። አሁን ይህን ስጽፍ እግሬ ላይ ያለው ጫማ የማን እንደሆነ አላውቅም። ቀኙ ይጠበኛል።

አስተናጋጅ የለም። አብራሪም የለም ይባላል፤ ያየው ሰው አላጋጠመኝም። ያለችው ከጣሪያው በድምፅ ማጉያ የምትናገር አንዲት ሴትዮ ብቻ ናት። የቀረውን ሥራ የምንሠራው እኛው ነን። በር ላይ ዕጣ ይወጣል፣ ዕጣው የደረሰው ሰው ቢጫውን ሰደርያ ለብሶ የዚያ በረራ ተረኛ ይሆናል። ውሃ ያድላል፣ ቆሻሻ ይሰበስባል፣ የተጣላ ይገላግላል፣ ለሚያስመልሰው ከረጢት ይይዛል። ለሚዛን ሲባል ደግሞ ማንንም ከወንበር አስነስቶ ወደ መደገፊያ የማዛወር ሥልጣን አለው። መደገፊያ ማለት በግራና በቀኝ ግድግዳው ላይ የተደረደረው ሳንቃ ነው። ጀርባን አስደግፎ፣ ደረትን በቀበቶ ታስሮ፣ ቆሞ መሄድ ነው። መቆለፊያውን የሚከፍተው ተረኛ ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው እንዲህ ነው የሚበረው። ወንበር ጥቂት ነው።

ከጥቂቶቹ ወንበሮች ደግሞ የኋላው ረድፍ ጥቁር ነው። የሐዘን ወንበር ነው። ለቅሶ የሚሄድ ሰው ሚዛን ሳይፈራ፣ ወረፋ ሳይጠብቅ፣ በቅናሽ ይቀመጥበታል። ሰው መሞቱን ቀበሌ ካላረጋገጠ አይሸጥም። ሲጀመር ደግ ሐሳብ ነበር። ከዚያ ያው እኛ እኛ ስለሆንን፣ ቀበሌውን እየለመነም እየደለለም አገሩ በሙሉ ሐዘንተኛ ሆነ። አንድ የጫት ነጋዴ እናቱን ደጋግሞ ሲቀብር ኖሮ፣ አንድ ቀን እናትየው ራሳቸው እዚያው አውሮፕላን ውስጥ መደገፊያ ላይ ቆመው ተገኙ።

ወንበሩ ሐዘን መለካት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። እንዴት እንደሚለካ አልጠየቅንም። የተቀመጠው ሰው ከልቡ ካዘነ ከራሱ በላይ ያለችው መብራት ትበራለች፣ ሴትዮዋም ስሙን ጠርታ ታጽናናዋለች። አውሮፕላኑ ለማረፍ ዝቅ ማለት እስኪጀምር ካልበራች አታላይ ተብሎ በዚያው አውሮፕላን ይመለሳል። ከደረጃው አይወርድም። ወንበሩ ግን የሚያውቀው የተሸጠለትን ስም ነው እንጂ የተቀመጠበትን ሰው አይደለም። እንባ እሺ የማይላቸው ሰዎች አስለቃሽ ቀጥረው ለጥቂት ጊዜ ቦታ ይለዋወጣሉ። ድርጅቱም ይህን ያውቃል። መብራቷ ከበራች ጉዳዩ አይደለም።

ዕጣው የወጣልኝ አንድ ቀን ጠዋት ጥርሴን ላስነቅል ስሄድ ነው። ጥርስ ኮምቦልቻ ይረክሳል፣ እዚያ በርሮ ማስነቀል እዚህ በእግር ሄዶ ከማስነቀል ይሻላል። ጉንጬ አብጦ፣ ሰደርያውን ለብሼ በሩ ላይ ቆምኩ። መጨረሻ የገባው ሰው ጥሩ ካፖርት የለበሰ፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ነበር። ውድ በረራ የለመደ መሆኑ ያስታውቃል፤ ሚዛኑ ላይ ሲያወጡት እየሳቀ ነበር።

"አንተ ረዳት!" አለኝ። "ይቺን ከዘራ ያዝልኝ፣ ወንበሬንም አሳየኝ።"

በድምፁ ነው ያወቅኩት። ፊቱ ተጨማዶ ሌላ ሰው ሆኗል። ድምፁ ግን ያው ነው፣ ከአፍንጫው የሚወጣ፣ ሰውን ከላይ ወደ ታች የሚያይ ድምፅ። ኪሩቤል አስናቀ።

ረዳት የሚለውን ቃል ዛሬ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። አውቶቡስ በነበረ ጊዜ ሾፌሩ ይነዳል፣ ረዳቱ ሒሳብ ይሰበስባል፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዕቃ ይጭናል፣ ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ ይሄዳል። እኔ የደሴ መስመር ረዳት ነበርኩ። ይሄው አውሮፕላን መጥቶ አውቶቡሱን እስኪገድለው ድረስ ሌላ ሥራ አላውቅም። የኪሩቤል እህት የትናየት ትባላለች። ደሴ ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበርና በእኛ አውቶቡስ ነበር የምትመላለሰው። ተፈላለግን። ሽማግሌ ላክሁ። አጎቴን፣ ጎረቤታችንንና ሾፌሩን ጋሽ መኩሪያን። አባቷ ሞተው ስለነበር የቤቱ አዛዥ ኪሩቤል ነው። እኔ ከአጥሩ ውጭ አውቶቡሱ ጥላ ሥር ቆሜ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ።

ሽማግሌዎቹን ተቀመጡ አላላቸውም።

"ያ ረዳት ነው የላካችሁ?" አለ። "አውቶቡስ ውስጥ እንኳ መቀመጫ የለውም እኮ፤ ቆሞ ነው የሚሄደው። ታዲያ እህቴን የት ሊያስቀምጣት ነው? ጣሪያ ላይ ከፍየሎቹ ጋር? መቀመጫ ለሌለው ሰው እህት አልሰጥም፤ በሉ በሰላም ሂዱ።"

ቤት ውስጥ የነበሩ ሰዎች ሳቁ። ጋሽ መኩሪያ ሲመለስ ዓይኔን ማየት አቃተው። መሪውን ይዞ፣ "በል ጫን፣ እንሂድ" ብቻ አለኝ። ጫንኩ። በሩ ላይ ቆሜ ከአዲስ አበባ ደሴ ገባሁ። እሷን ከዓመት በኋላ መድኃኒት ቤት ላለው ሰው ሰጧት። እኔም አግብቼ ነበር፣ አልሆነም።

ከዘራውን ይዤ ወደ ኋላ ወሰድኩት። ቲኬቱን ሳየው ጥቁሩ ወንበር ነው። ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ ላይ የለቅሶ ነገር የለም። ደልደል ብሎ ተቀመጠና እጀታውን ደባበሰ።

"ይሄማ ይመቻል" አለ። "ለሽማግሌ ለይተው ነው ጥቁር ያደረጉት አይደል? ደግ አድርገዋል።"

"ወዴት ነዎት አባቴ?" አልኩት።

"ደሴ። እህቴን ትንሽ አሟታል። የትናየት ትባላለች። ቲኬቱን የላኩልኝ ልጆቿ ናቸው። ደህና ናት፣ ና ብቻ እያት አሉኝ። በሌላው አየር መንገድ የዛሬ ጠዋት ቦታ አልተገኘም አሉ፤ በዚህኛው ላኩኝ። ውሃ የለህም?"

"አለ።"

ውሃውን ቀዳሁለት። አንድ ጠብታ አልደፋሁም። ይህን ልብ አልኩ። የትናየት ሞታለች ብዬ ለራሴ ነገርኩት፣ ምንም አልተሰማኝም። ጥርሴ ብቻ ነው የሚጠዘጥዘኝ። ጥሩ፣ አልኩ፣ አልቆልኛል ማለት ነው።

አጠገቡ ያለው ጥቁር ወንበር ላይ የተቀመጡት እማማ ቤዛ የሚባሉ ሴት ነበሩ። አክስታቸውን ሊቀብሩ ነው። አውሮፕላኑ ገና ሳይነሳ ደረታቸውን መምታት ጀምረዋል፤ ከመሬት እንደለቀቅን መብራታቸው ቦግ አለች።

"ወይዘሮ ቤዛዊት ክንፈ" አለች ሴትዮዋ ከጣሪያው፣ "በአክስትዎ በወይዘሮ አለሚቱ ዕረፍት ያደረብዎት ሐዘን ተረጋግጧል። ለሁሉም አየር መጽናናትን ይመኝልዎታል። የድንኳን ኪራይ ከፈለጉ በእጀታዎ ላይ ያለውን ይጫኑ።"

"ነፍስ ይማር" አላቸው ኪሩቤል። ወደ እኔ ዞሮም፣ "ምን ዓይነት ዘመን ነው፤ ሐዘንም በድምፅ ማጉያ ሆነ!" አለ።

እማማ ቤዛ ሰደርያዬን ጎትተው ወደ ራሳቸው አስጠጉኝ።

"ወንድሜ፣ ሰማኸው?" አሉኝ በሹክሹክታ። "ይሄ ሰውዬ መርዶውን አልሰማም'ኮ!"

"ሰምቻለሁ።"

"አይ የዘንድሮ ልጅ! እዚያ ሲደርስ ሊነግሩት አስበው፣ ወንበር ሲያጡ ጥቁሩን ገዙለት። አይነቃም ብለው። እኔ ሳላስበው ልጮህ ብዬ አፌን ያዝኩ።"

"እና ምን ይሁን?"

"እንዳትነግረው፣ አደራህን። በዚህ ዕድሜው እንዲህ ታስሮ፣ አየር ላይ፣ ከማያውቀው ሰው አፍ መርዶ አይሰማም። ሲወርድ ዘመዶቹ ግራና ቀኝ ደግፈው፣ አስቀምጠው፣ ውሃ አዘጋጅተው ነው የሚያረዱት።"

"ካልተነገረው አያለቅስም። ካላለቀሰ መብራቷ አትበራም።"

"እሱን ለኔ ተወው። ወንበሩ ላይ እኔ ቁጭ እልለታለሁ፤ እሱ በኔ ይቀመጥ። እንባ እንደሆነ ሞልቶኛል፤ ለሱም ይተርፋል።"

ደግ ሴት ናቸው። ያልኳቸውን ነገር እስከ ዛሬ አልረሱትም ብዬ አምናለሁ።

"ከወንበርዎ አይነሱ" አልኳቸው። "ተረኛው እኔ ነኝ።"

ነገሩ ሁሉ በጭንቅላቴ ውስጥ ተስተካክሎ ተቀምጦ ነበር። ማንም ክፉ ነገር አይናገርም። ማንም እጁን አያነሳም። ሰውየው ቆሞ ይሄዳል፣ መብራቷ አትበራም፣ አውሮፕላኑ ያርፋል፣ ሴትዮዋ አታላይ ነህ ትለዋለች፣ ይመለሳል። ዘመዶቹ አዳራሽ ውስጥ ቆመው ሲጠብቁት ይውላሉ። ቀብር ደግሞ ሰው አይጠብቅም። ሰርጓን ነሳኝ፣ ቀብሯን ነሳሁት። ከዚህ የተስተካከለ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም።

ወደ ኪሩቤል ዞርኩ።

"አባቴ፣ ይነሱ። ለሚዛን ነው።"

"እኔ?"

"እርስዎ።"

"ወንበሬ እኮ ነው! ተገዝቶልኛል።"

"እዚህ ወንበር የማንም አይደለም። ተረኛ ካለ ይነሳሉ።"

ግራ ቀኝ አየ፣ የሚያግዘው ፈልጎ። መደገፊያ ላይ የቆሙት ሰዎች ፊታቸውን አዞሩ። ተረኛን የሚከራከር ሰው በሚቀጥለው በረራ ሚዛን ላይ ምን እንደሚደርስበት ሁሉም ያውቃል። ተነሳ። ጉልበቱ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁት። ሳንቃው ላይ አስደገፍኩት፣ ቀበቶውን በደረቱ ላይ አዞርኩ፣ ቆለፍኩት። ከዘራውን ልስጠው ብዬ ነበር፣ ተውኩት።

ወንበሩ ባዶ ሲሆን ይጮሃል። ጩኸቱ እንዲቆም ሰው መቀመጥ አለበት። እማማ ቤዛ ሊነሱ ብድግ ሲሉ ቀድሜያቸው ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቱ ነበርኩ።

"የፈጣሪ ያለህ!" አሉኝ እማማ ቤዛ። "ምን አድርጎህ ነው? ይመልሱታል'ኮ! እህቱን ሳይቀብር!"

"ይመልሱት።"

"አንተ ሰው አይደለህም።"

"አይደለሁም ተብያለሁ፤ ድሮ።"

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቀለሉ። ኪሩቤል ቀበቶውን በሁለት እጁ ጨብጦ አውሮፕላኑ በተወዛወዘ ቁጥር አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል። ይህን ማየት ደስ ይላል። አይልም ብዬ አልዋሽም።

"አባቴ፣ ቆሞ መሄድ እንዴት ነው?" አልኩት።

"ጉልበቴ… አይ ጉልበቴ። ይሄ ለሰው አይሆንም።"

"ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ የሄደ ሰው ነበር።"

"ማነው እሱ?"

"የአውቶቡስ ረዳት።"

እንዲያ ታስሮም ሳቀ። "እነሱማ ለምደውት ነው" አለ። "የለመደ ሰው መች ይደክመዋል!"

 አንድ ቃል ብቻ ብነግረው ያልቅለታል። እህትህ ሞታለች። ምላሴ ላይ ነበር። ይልቅ ይቆይ፣ ሲመለስ ብቻውን ይወቀው ብዬ ዋጥኩት።

ከፊቴ ያለ ወጣት ያን ጊዜ ከፍሎ መስኮቱን አስከፈተ። መስኮት ለከፈለ ሰው ነው የሚከፈተው፤ የሱ ሲከፈት ለኔም ትንሽ ደረሰኝ። ታች ጣርማ በር ነበር። የድሮው መንገድ ሣር በልቶት፣ እዚህ ብቅ እዚያ ጥልቅ እያለ እንደ ተበጠሰ ክር ይታያል። አውቶቡስ ያለፈበት መሆኑን ካላወቁት አይታወቅም።

እዚያ ቦታ ላይ አንድ ቀን በዝናብ ቆመን ነበር። የጣሪያው ሸራ ተፈትቶ ዕቃው ሊበሰብስ ነው። ጃኬቴን አውልቄ የት ላድርገው ስል የትናየት ከሾፌሩ ኋላ ካለው ወንበር እጇን ዘረጋችና ተቀበለችኝ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሸራውን አስሬ በጭጋጉ ውስጥ እንደ ዶሮ ረጥቤ ዘግይቼ ስወርድ፣ ጃኬቴ ጉልበቷ ላይ በእጆቿ ተሸፍኖ ነበር። "ልበሰው፣ አሙቄልሃለሁ" አለችኝ። ለበስኩት። ሞቆ ነበር። አንዲት ሴት ዕድሜዬን ሙሉ ያደረገችልኝ ነገር ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ምንም አሙቆ አልሰጠኝም።

ያቺ ሴት ሞታለች። እጆቿም ሞተዋል።

ጥርሴ መሰለኝ። እውነቴን ነው፣ ጥርሴ ነው ብዬ ጉንጬን ያዝኩ። እጄ ረጠበ። ሁለተኛው ጉንጬም እርጥብ ነው፣ በዚያ በኩል ግን የሚያመኝ ጥርስ የለም። ልነሳ ብዬ እጀታውን ጨበጥኩ። ዘግይቼ ነበር። ከራሴ በላይ ያለችው መብራት ቦግ አለች።

"አቶ ኪሩቤል አስናቀ" አለች ሴትዮዋ። ድምፅዋ ለሁሉም እኩል ነው የሚሰማው። "በእህትዎ በወይዘሮ የትናየት አስናቀ ዕረፍት ያደረብዎት ሐዘን ተረጋግጧል። ለሁሉም አየር መጽናናትን ይመኝልዎታል። የድንኳን ኪራይ ከፈለጉ በእጀታዎ ላይ ያለውን ይጫኑ።"

እንባዬ በሱ ስም ተመዘገበ። እሱንም ወሰደብኝ። አሁን ማንም አይመልሰውም፣ በሩ ሲከፈት በክብር ይወርዳል፣ ይቀብራል። እኔ ከፍዬለት።

 መደገፊያ ላይ ያሉት በሙሉ እግራቸውን ነው የሚያዩት። ወጣቱ መስኮቱን መልሶ ዘጋ።

"ምን አለች?" አለ ኪሩቤል።

አንዱ ቀበቶውን አጠበቀ፣ ሌላው ሳለ።

"እናንተ ሰዎች፣ ምን አለች? ስሜን ጠራች'ኮ። የትናየት አለች?" ወደ እማማ ቤዛ ዞረ። እማማ ቤዛ ነጠላቸውን ዓይናቸው ድረስ ሳቡት። ያኔ ወደ እኔ ዞረ። መብራቷን አየ፣ ከሥሯ ፊቴን አየ።

"አንተ ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው?"

"ጥርሴ ነው" አልኩት።

 ረጅም ጊዜ አየኝ። ከፊቴ ላይ እርጅናውን፣ እብጠቱን፣ ሰደርያውን አንድ በአንድ እያነሳ ከሥር ያለውን ሰው ሲፈልግ ይታወቀኝ ነበር። ከዚያ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

"ይታገሱ" አለ።

ስሜን ያውቅ ኖሯል። በዚያ ቀን እቤቱ አንዴም አልጠራውም፤ እኔ የማያውቀው መስሎኝ ነበር የኖርኩት። ነግራዋለች። ደጋግማ ነግራዋለች ማለት ነው።

"አንተ ካለቀስክ እውነት ነው" አለ። ጉልበቱ ከዳው፣ ቀበቶው ግን አንጠልጥሎ ያዘው። መውደቅም አልቻለም። "እህቴ… እህቴ እኮ ናት። የኔ እናት… ፍታኝ። አንተ ልጅ፣ ፍታኝ። ከወንበሬ ተነስ።"

ከዘራውን ጉልበቴ ላይ አጋደምኩት።

"ተነሳልኝ" አለ። የአፍንጫው ድምፅ ጠፍቷል። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። "ቁጭ ብዬ ላልቅሳት። ሰው እህቱን ቆሞ ታስሮ ያለቅሳል? ይታገሱ፣ ስለ እሷ ብለህ፣ መቀመጫ ስጠኝ።"

"ተነሳለት ወንድሜ" አሉኝ እማማ ቤዛም እያለቀሱ። "በቃ እኮ። አሁንስ በቃ።"

አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ኮምቦልቻ ዝቅ አደረገ። ሴትዮዋ፣ የቆማችሁ መደገፊያችሁን ያዙ፣ የተቀመጣችሁ ቀበቷችሁን እሰሩ አለች።

ቀበቶዬን አሰርኩ።